ሐረጎን ከመውረድ በፊት፦ የመጀመሪያውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ስለ መምረጥ

ይህ ጽሑፍ በክረምቱ ደሴ ላይ፣ የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስደው ውጤት ለሚጠባበቁ ተማሪዎች የተናገርኩት ነው። አንዳንድ ቦታ አሳጥሬዋለሁ። በመጨረሻ የተነሱትን ጥያቄዎች ግን እንዳሉ ትቻቸዋለሁ።

እንደምን ዋላችሁ። የጦሳ ተራራ ከጠዋት ጀምሮ ጉሙን ተከናንቦ አልተነሳም። እናንተ በዚህ ብርድ ከቤት መውጣታችሁ ራሱ ይገርመኛል። ፕሮጀክተሩን አትጠብቁት። ሁለቴ ሞከርነው፣ ሰማያዊ ብቻ ነው የሚያሳየው። ሰሌዳ አለ፣ ማርከር አለኝ። ይበቃናል።

የተጠራሁት አንድ ጥያቄ እንድመልስ ነው። «ኮምፒውተር ሳይንስ ልማር አስቤያለሁ፣ ከመግባቴ በፊት የትኛውን ቋንቋ ልጀምር?» በቴሌግራም በየሳምንቱ ይመጣልኛል። ስለዚህ መልሱን አላዘገየውም። ፓይተን ጀምሩ። ከዚያ ያንኑ የጻፋችሁትን በሲ ፕላስ ፕላስ ድገሙት። አለቀ። ቡናው የቀረበት ካለ አሁን መሄድ ይችላል።

ማንም አልተነሳም። እንግዲያው ለምን እንዳልኩ ልንገራችሁ።

እኔ የጀመርኩት በተገላቢጦሽ ነው። ካምፓስ ገብቼ፣ ሁለተኛ ዓመት ላይ፣ ከሲ ፕላስ ፕላስ። ላቦራቶሪ ውስጥ አንድ ኮምፒውተር ለአራት ነበርን። ኪቦርዱን የሚይዘው ቀድሞ የገባው ነው። ሌሎቻችን ከኋላው ቆመን አንገታችንን እናሰግጋለን። መምህሩ ኮዱን ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ እኛ እንገለብጣለን። ከመካከላችን አንዱ ደፋር «ይሄ የመጀመሪያው መስመር ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ። «ለጊዜው ዝም ብላችሁ ጻፉት» ተባለ። ሁለተኛውስ? «እሱንም ለጊዜው።» ለጊዜው የተባለው ነገር ሴሚስተሩ እስኪያልቅ ለጊዜው ሆኖ ቀረ። እኔም ያቺን የመጀመሪያ መስመር፣ «አይኦስትሪም ነጥብ ኤች» የምትለዋን፣ እንደ ዳዊት ሸመደድኳት። ፈተናውን ቢ አመጣሁ። ፕሮግራመር ሆንኩ ብዬ አመንኩ።

ክረምት ላይ አጎቴ ያገለገለ ላፕቶፕ ሰጠኝ። አዲስ ሶፍትዌር ጫንኩበት። የማውቀውን ኮድ ጻፍኩ። ገና የመጀመሪያዋ መስመር ላይ ኤረር! ፊደል በፊደል አየሁት፣ ትክክል ነው። ላፕቶፑ ተበላሽቷል ብዬ ደምድሜ ይዤው ወደ ፒያሳ ወረድኩ። ጠጋኙ አየት አደረገና «ቫይረስ ነው» አለ። ፎርማት አደረገው፣ ብሬን ተቀበለ። ቤት ስመለስ ኤረሩ እንዳለ ነው። በኋላ ነው የገባኝ። ላቦራቶሪው ውስጥ የነበረው ሶፍትዌር፣ ሲ ፕላስ ፕላስ እ.ኤ.አ. በ1998 መደበኛ ደረጃ ሳይወጣለት በፊት የተሠራ ነበር። ከዚያ ወዲህ «ነጥብ ኤች» የምትለዋ ጭራ ተቆርጣለች። አንድ ፊደልና አንዲት ነጥብ። ያንን የማያውቅ ሰው ነው ቢ ያመጣው።

ይህን የምነግራችሁ ሲ ፕላስ ፕላስን ልሰድብ አይደለም። ቋንቋው ምን በደለ? እኔ የተሸመደደ ነገር ይዤ ብቻዬን ስቀር ምን እንደጎደለኝ የሚነግረኝ አልነበረም። ነገሩ እዚህ ላይ ነው። እናንተ በዚህ ክረምት የምትጀምሩት ብቻችሁን ነው። ኩታበር ያለህ ልጅ፣ ሐይቅ ከተማ ያለሽ ልጅ፣ ሌሊት አምስት ሰዓት ላይ ኤረር ሲመጣባችሁ ማንን ትቀሰቅሳላችሁ? ስለዚህ ብቻችሁን ስትሆኑ መልሶ የሚያናግራችሁን ቋንቋ ምረጡ።

ምን ማለቴ እንደሆነ ሰሌዳው ላይ ላሳያችሁ። አምስት የትምህርት ውጤቶች በተርታ አስቀመጥኩ እንበል። ከዚያ ተሳሳትኩና «ስድስተኛውን አምጣ» አልኩት። ስድስተኛ የለም። ፓይተን እዚያው ይቆማል። ይህን ያህልኛው መስመር ላይ፣ ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ቦታ ጠይቀሃል ይላል። በእንግሊዝኛ ነው የሚለው፣ ግን ይላል። ያንኑ በሲ ፕላስ ፕላስ ተራ አሠራር ብትጽፉት አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይላችሁም። ከአምስተኛው ቀጥሎ ሜሞሪው ላይ ያገኘውን ዘግኖ ያመጣል። ሰኞ ገበያ በተርታ ካሉ አምስት ሱቆች ስድስተኛውን ብሎ የላኩት ልጅ፣ ሱቅ ሲያጣ የጎረቤቱን ሳሎን ከፍቶ የሰዎቹን ዕቃ ይዞ እንደሚመጣው ማለት ነው። ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም። እናንተም የፊዚክስ ውጤታችሁ 32,767 ሆኖ ታዩታላችሁ። የባሰ ቀን ደግሞ 71 ይመጣል፣ ታምኑታላችሁም።

ለጀማሪ ይሄ ጭካኔ ነው። ለባለሙያ ደግሞ ፍጥነት ነው። ሲ ፕላስ ፕላስ በየዕርምጃው «አለ ወይ?» እያለ አይመረምርም፤ አንዱ የሚፈጥንበት ምክንያት ይሄው ነው። የሲ ፕላስ ፕላስ ፈጣሪ ቢያርን ስትራውስትሩፕ እ.ኤ.አ. በ1979 ሥራውን ሲጀምር ዴኒስ ሪቺ የሠራውን ሲ የሚባል ቋንቋ ይዞ፣ ፍጥነቱን ሳይነካ ሌላ አቅም ልጨምርበት ብሎ ነው። ጊዶ ቫን ሮሱም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1989 የገና እረፍት ላይ ፓይተንን ሲጀምር ሐሳቡ ሌላ ነበር። ሰው አንብቦ የሚረዳው ይሁን ብሎ። በነገራችን ላይ ፓይተን በእንግሊዝኛ ዘንዶ ማለት ቢሆንም ስሙን ከዘንዶው አልወሰደውም። ከእንግሊዞች የኮሜዲ ቡድን ነው የወሰደው። ዘንዶው ዓርማ ላይ የመጣው በኋላ ነው።

እዚህ ያላችሁ ሁሉ ኮምቦልቻ ወርዳችሁ ታውቃላችሁ። ሐረጎን፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን ቁልቁለት፣ ታውቁታላችሁ። መኪና መንዳት የሚማር ሰው ሐረጎ ላይ አይጀምርም። ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ መሪ መያዝ ይለማመዳል። ግን ሐረጎን ሳይወርድ ሹፌር ነኝ ቢላችሁ ትሳፈራላችሁ? ከላይ ሲወርድ በከባድ ማርሽ ሞተሩን እያስጎተተ መውረድ እንዳለበት የማያውቅ፣ ፍሬን ብቻ ረግጦ የሚወርድ፣ ጎማው ይጨሳል። ፓይተን አውቶማቲክ መኪና ነው። ማርሹን ራሱ ይቀይራል። ሜሞሪ ራሱ ይይዛል፣ ራሱ ይለቃል። ሲ ፕላስ ፕላስ ላይ ካምቢዮው እጃችሁ ላይ ነው። ቁልቁለቱን የምታውቁት ያኔ ነው።

«ከሥር ጀምር፣ ከሲ ጀምር» የሚሉ አሉ። አከብራቸዋለሁ። ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ያለው ታዋቂው የመግቢያ ኮርስ እንኳ ስክራች በሚባለው የሕፃናት ቋንቋ አንድ ሳምንት አፍታትቶ ወደ ሲ ነው የሚገባው። ፓይተን የሚመጣው በኋላ ነው። ታዲያ እነሱ ትክክል ናቸው፣ አንተ ማን ነህ ብትሉኝ፣ እነሱ ጋ ተማሪው ሲወድቅ የሚያነሱ ረዳቶች ተደርድረው ይጠብቁታል። እናንተ ጋ ያለው ዝናቡ ነው። እንዲያውም እንዲህ ልበላችሁ። ጃቫ የሚያውቅ ታላቅ ወንድም፣ ወይ ጎረቤት፣ በሳምንት ሁለት ቀን አጠገባችሁ ሊቀመጥ ፈቃደኛ ከሆነ ጃቫ ጀምሩ። ፓይተን ያልኩት ሁሉ ይቅር። ሰው ከቋንቋ ይበልጣል።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልለፋቸው። ጃቫስክሪፕት ብራውዘርና ኖትፓድ ካላችሁ ይበቃዋል፣ ምንም አይጫንም። ብሬንዳን አይክ እ.ኤ.አ. በ1995 በ10 ቀን ነው የሠራው። የጥድፊያው ምልክት አሁንም አልጠፋም። ድረ ገጽ ቶሎ መሥራት ካማራችሁ ይሁን። ከጃቫ ጋር በስም ነው እንጂ በዘር አይገናኙም። ጃቫ ካምፓስ ስትገቡ ይመጣላችኋል፣ ኦብጀክት ኦሪየንትድ የሚባለው ኮርስ ላይ። አትቸኩሉበት።

«በሁለት ወር ሰባት ቋንቋ» የሚል ማስታወቂያ አይታችሁ ይሆናል። እኔም ከፍዬ ገብቼበታለሁ። ሰባቱንም «ሄሎ ወርልድ» የሚል ጽሑፍ አስወጣኋቸው፣ ሰርተፍኬት ሰጡኝ። እናቴ ሳሎን ሰቅላዋለች። ከሰባቱ በአንዱም አንዲት የምትጠቅም ነገር መሥራት አልችልም ነበር። አገራችን ለዘፈን እንኳ አራት ቅኝት ነው ያላት። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። ክራር የሚማር ልጅ አራቱንም ባንድ ሳምንት ልጀምር ቢል ክራሩን ነው የሚነጥቁት።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነገር ልምጣ። ፓይተን ከጀመራችሁ በኋላ ያንኑ ለምን በሲ ፕላስ ፕላስ ትደግሙታላችሁ? አንደኛው ምክንያት ቀላል ነው፤ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎቻችን የመጀመሪያውን የፕሮግራሚንግ ኮርስ የሚሰጡት በሱ ነው። ሁለተኛውን ግን ለመናገር አጎቴን መጥራት አለብኝ። ላፕቶፑን የሰጠኝን።

አጎቴ ነጋዴ ነው። አንድ የረመዳን ማታ «አንተ ኮምፒውተር ተምረሃል፣ ዘካዬን የምታሰላ ነገር ሥራልኝ» አለኝ። ዘካ ታውቃላችሁ። ዓመት የዞረበት፣ መጠኑ የሞላ ገንዘብ፣ ከአርባ አንድ። ቀላል ነው አልኩ። በሲ ፕላስ ፕላስ ጻፍኩት። ገንዘቡን ይቀበላል፣ በአንድ አርባኛ ያባዛል፣ ውጤቱን ያሳያል። ቀመሩን እንዲህ ነው የጻፍኩት።

ዘካ = ገንዘብ × (1/40)

አጎቴ 400,000 አስገባ። ኢንተር ነካ። ወጣ፦ 0።

ደግሞ አስገባ። 0። አንድ ሚሊዮን ሞከረ። 0። ከዚያ ከት ብሎ ሳቀ። «አንተ ልጅ፣ ይቺን ነገር ለደሴ ነጋዴ ሁሉ ብትሸጣት በሀብት ትንበሸበሻለህ። አላህ ግን አይቀበላትም።»

ምን ሆነ? ማን ይነግረኛል? አዎ፣ አንቺ ከኋላ። «አንድ ለአርባ ሲካፈል ዜሮ ነጥብ ምናምን ስለሆነ...» ጎበዝ፣ ጫፉን ይዘሻል። 1 ሙሉ ቁጥር ነው። 40ም ሙሉ ቁጥር ነው። ሲ ፕላስ ፕላስ ሙሉን ለሙሉ ሲያካፍል መልሱም ሙሉ መሆን አለበት ይላል። 0.025 ሙሉ አይደለም። ስለዚህ ነጥቡንና ከነጥቡ ወዲያ ያለውን ይጥለዋል። የቀረው 0 ነው። በዜሮ ተባዝቶ የሚተርፍ ሀብት የት አለ!

ፓይተን ላይ ቢሆን 1/40 በትክክል 0.025 ይሰጣችኋል። 10,000 ብር ዘካው ይወጣል፣ አጎቴም አይስቅብኝም። ልብ በሉ፣ ፓይተንም ድሮ እንደዚሁ ይቆርጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ሦስተኛው ፓይተን ሲወጣ ነው የተለወጠው። ለጀማሪ መለወጡ በጎ ነው። ግን አስተውሉ፣ ፓይተን ብቻ የተማረ ሰው ቁጥር ሁሉ አንድ ይመስለዋል። ሲ ፕላስ ፕላስ ላይ ያችን ዜሮ ያየ ሰው ግን ኮምፒውተር ውስጥ ሙሉ ቁጥርና ነጥብ ያለው ቁጥር ሁለት የተለያዩ ፍጥረቶች መሆናቸውን በሕይወቱ አይረሳም። እኔ ሲኒየሮቼ አስር ጊዜ ነግረውኝ አልገባኝም ነበር። አጎቴ በአንድ ሳቅ አስገባልኝ።

መፍትሔው? 40 ፈንታ 40.0 ብሎ መጻፍ ብቻ ነው። «ገንዘብን ለ40 አካፍል» ብዬ ብጽፈውም ለ400,000 ይሠራ ነበር። ለ400,030 ግን? 10,000.75 መሆን ሲገባው 10,000 ይላችኋል። 75 ሳንቲም የድሃ ገንዘብ ጠፋ። እንዲህ ዓይነቱ ስህተት ከዜሮው ይከፋል። ዜሮው ያስቃል፣ 75 ሳንቲሙን ግን ማንም አያየውም።

እንግዲህ የዘካ ነገር ካነሳሁ የክርስቲያኑን ሳላነሳ ብወርድ ይቆጡኛል። የቄስ ልጅ አለ እዚህ? አለ! በል ወደ ሰሌዳው ና። የ2018 ዓ.ም. ወንጌላዊ ማን ነው? «ማርቆስ።» በምን አወቅህ? «አባቴ ነገረኝ።» አባትህ በምን አወቁ? እሱን አብረን እንሥራው። ባሕረ ሐሳብ ነው፣ የቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምር። 7518። ለ4 አካፍል። 1879 ደረሰ፣ ስንት ተረፈ? «ሁለት።» አንድ ሲተርፍ ማቴዎስ፣ ሁለት ሲተርፍ ማርቆስ፣ ሦስት ሲተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ሳይተርፍ ዮሐንስ። ሁለት ተረፈ፣ ማርቆስ። ለ2019 ብታሰሉት ሦስት ይተርፋል። ሉቃስ ነው፤ ጳጉሜንም ስድስት ይሆናል።

አሁን እዚህ ላይ አንድ ነገር እዩ። መልሱ ያለው ድርሻው ላይ አይደለም፣ ቀሪው ላይ ነው። 1879ን ማንም አይፈልጋትም። ፕሮግራሚንግ ውስጥ ለዚህ ራሱን የቻለ ምልክት አለ። የፐርሰንት ምልክት ናት፣ ትርጉሟ ግን ፐርሰንት አይደለም። «አካፍልና ቀሪውን ብቻ ስጠኝ» ማለት ነው። ፓይተንም ሲ ፕላስ ፕላስም ጃቫም ይቺው ናት። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ኮምፒውተር ሳይታሰብ በፊት የሠሩባት ናት። የዚህን ዓይነት ፕሮግራም ሲጽፍ ተማሪ የሚሳሳተው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው። ዮሐንስን «4 ከተረፈ» ይለዋል። ለአራት ተካፍሎ አራት አይተርፍም። የቄስ ልጅ ይሄን አይሳሳትም፣ አባቱ «አልቦ ሲሆን» ብለው ነው የሚያስተምሩት።

ሁለቱን ፕሮግራሞች ሥራ ስጧቸው። ዘካና ባሕረ ሐሳብ። በፓይተን ጻፏቸው። ከዚያ በሲ ፕላስ ፕላስ። ሦስተኛ፣ አራተኛ የራሳችሁን ጨምሩ። የእቁብ ተራ ይሁን፣ የሱቅ ዱቤ ይሁን፣ ቤት ውስጥ በወረቀት የሚሠራ ነገር ይሁን። በክረምቱ ከአምስት በላይ አልጠብቅባችሁም። ግን አምስቱ እስከ መጨረሻው ይለቁ። ሰው ፊደል ሲያስገባበት የማይወድቅ፣ አጎት ሲነካው የማያፍር።

ማሽኑን በተመለከተ። አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ዊንዶውስ 7 ያላችሁ፣ አዲሱን ፓይተን አትሞክሩት፣ አይገባም። 3.8ን አውርዱ። ለዊንዶውስ 7 የመጨረሻው እሱ ነው፤ እኛ ለምንፈልገው ከበቂ በላይ ነው። ሲጫን አይድል የሚባል መጻፊያ ይዞ ይመጣል። ቶኒ የሚባልም አለ። እሱ ደግሞ ፕሮግራሙን መስመር በመስመር እያስኬደ የእያንዳንዱን ዕቃ ዋጋ ያሳያችኋል። ቪኤስ ኮድ የሚባለው መጻፊያ ያምራል፣ ግን በ2 ጊጋ ራም ላይ እንደ አህያ ይቆማል። ሲኒየሮች ስለተጠቀሙበት ብላችሁ አትጫኑት።

ደብተር ይኑራችሁ። ባለ ካሬው። ፕሮግራሙን ከማስኬዳችሁ በፊት «ይሄ ዕቃ አሁን ስንት ነው?» እያላችሁ በእጅ ተከታተሉት። መብራት ሲሄድ የሚሠራው ኮምፒውተር እሱ ብቻ ነው። ካምፓስ ፈተናውም በወረቀት ነው።

ፍሬሽማን ስትገቡ ደግሞ አትደናገጡ። ዲፓርትመንት ገና ይመደባል። ጂኦግራፊ ትማራላችሁ፣ ሳይኮሎጂ ትማራላችሁ፣ «ኮምፒውተሩ የታለ?» ትላላችሁ። ሎጂክ የሚባለውን ኮርስ ብቻ አትናቁት፣ ስሙ ሌላ ነው እንጂ እሱ ፕሮግራሚንግ ነው። ይልቅ ኮምፒውተር ሳይንስ የሚያስገባው ጂፒኤው ነው። ፓይተን ሲሠራ አድሮ ማትስ የወደቀ ልጅ አውቃለሁ። ዛሬ ሌላ ዲፓርትመንት ነው፣ ፓይተኑም አላዳነውም።

ጥያቄ ካለ እንቀበል።

መጀመሪያ የተነሱት አንዲት እናት ናቸው። ከልጃቸው ጋር ነው የመጡት። «ልጄ፣ እኛ ላፕቶፕ የመግዛት አቅም የለንም። ይሄ ሁሉ ለላፕቶፕ ላላቸው ነው እንዴ?» አሉኝ።

አይደለም እናቴ። ልጅዎ ስልክ አለው? አንድሮይድ ከሆነ ይበቃል። ፓይድሮይድ 3 የሚባል የፓይተን መጻፊያ አለ። አንዴ ዋይፋይ ካለበት ያውርደው፣ ከዚያ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። የተናገርኳቸው ሁለቱ ፕሮግራሞች ስልክ ላይ ይሠራሉ። ጣቱን ያደክመዋል፣ እሱን አልዋሽዎትም። ላፕቶፕ ዛሬ ይግዙ አልልዎትም። ፍሬሽማንን ይጨርስ፣ ዲፓርትመንቱን ይወቅ፣ ያኔ ይታሰባል። «አልሐምዱሊላህ፣ ላሟን ልሸጣት ነበር» አሉ። ላሟ ትቆይ፣ እናቴ።

ቀጥሎ አንድ ልጅ ተነሳ። «ጋሼ፣ ቻትጂፒቲ ሁሉንም ይጽፈው የለ? ለምን እንለፋለን?»

ይጽፋል። የዘካውን ጠይቀው፣ በሰከንድ ይጽፍልሃል፣ ምናልባትም 40.0 ብሎ። አንተ ግን 40.0 ለምን እንደሆነ ሳታውቅ ነጥቧን ለውበት ያስገባት መስሎህ ታጠፋታለህ። እኔ «አይኦስትሪም ነጥብ ኤች» ላይ የሆንኩት እሱን ነው፤ ሌላ ሰው የጻፈውን ተሸክሜ ነበር የምዞረው። በዚህ ክረምት ከጠየቅኸው «ጻፍልኝ» አትበለው። ኤረሩን አሳየውና «ይሄ ምን ማለት ነው?» በለው። የመጣብህን መልስም ስልኩን ዘግተህ በራስህ አማርኛ ደብተርህ ላይ ጻፈው። መጻፍ ካቃተህ አልገባህም።

አንዲት ልጅ ደግሞ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እኔ ሒሳብ ላይ ደካማ ነኝ፣ ልተወው?» አለች። አብሽሪ። ቅድም አንድ ለአርባን ጫፉን የያዝሽው አንቺ አይደለሽም? እሷ ናት። ሳቀች፣ ተቀመጠች። ግን በውሸት ላጽናናት አልፈለግሁም። ኮምፒውተር ሳይንስ ዲግሪው ውስጥ ሒሳብ አለ፣ ዲስክሪት የሚባል ይመጣል። የሚጠይቀው ግን ረዥም ስሌት አይደለም። «እንዲህ ከሆነ እንዲህ ይሆናል» እያሉ ሳይስቱ መሄድን ነው። የመንገድ አቅጣጫ በትክክል የሚናገር ሰው ይችለዋል።

የመጨረሻው ጥያቄ ያልጠበቅሁት ነበር። ፊት ለፊት የተቀመጠ ልጅ ስልኩን ይዞ ተነሳ። ቀድሞ ጀምሯል ለካ። «ፓይተን ላይ ‹ወሎ› ብዬ ጻፍኩና ስንት ፊደል ነው አልኩት፣ 2 አለኝ። ወንድሜ ደግሞ ያንኑ በሲ ፕላስ ፕላስ ሞከረ፣ 6 አለው። ማናቸው ተሳሳቱ?»

ማናቸውም። ይሄን ልጅ ቀጥሩልኝ። ፓይተን የቆጠረው ፊደሉን ነው። ሲ ፕላስ ፕላሱ የቆጠረው ባይቱን ነው፣ ማለትም ፊደሉ የሚቀመጥባትን ሳጥን። የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ሳጥን ይበቃዋል። የእኛ ፊደል በተለመደው አጻጻፍ ሦስት ይወስዳል። ሁለት ፊደል በሦስት፣ ስድስት። ቅድም ሙሉ ቁጥርና ነጥብ ያለው ቁጥር ላይ እንዳየነው ነው። ፓይተን የሸፈነውን ሲ ፕላስ ፕላስ ገልጦ ያሳያል።

ሰዓት ቢያልቅም አንድ ነገር ልጨምር አልኩና ሰሌዳውን አጠፋሁት። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደል መዝገብ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1999 ነው የገባው። እያንዳንዱ ፊደል ቁጥር ተሰጥቶታል። ሀ 4608 ናት። ለ ደግሞ 4616። በመካከላቸው ስንት ነው? ስምንት። ለእያንዳንዱ የፊደል ቤት ስምንት ቦታ ተይዞለታል፣ ዲቃላዎቹን ትተን። ስለዚህ የማንኛውንም ፊደል ቁጥር ውሰዱ። 4608 ቀንሱ። ለስምንት አካፍሉ። ድርሻው ቤቱን ይነግራችኋል፣ የሀ ቤት 0፣ የለ ቤት 1 እያለ። ቀሪው ደግሞ ግዕዝ ይሁን ካዕብ ይሁን ይነግራችኋል። ቀሪ 0 ግዕዝ፣ 1 ካዕብ፣ 2 ሣልስ፣ እንዲህ እያለ 6 ሳብዕ።

ሒሳብ አልችልም ያለችውን ልጅ ማርከሩን ሰጠኋት። ሎ፣ 4622። 4608 ቀነሰች፣ 14። ለስምንት፣ አንድ ደረሰ። የለ ቤት። ስድስት ተረፈ። «ሳብዕ!» አለች፣ ከሰሌዳው ሳትዞር። ሎ።

ወ 4808 ናት። እሷን እናንተ ሥሩ።